ለቲቸር እንግዳ መርዶ ነጋሪ ሲፈለግ

ስለ ቲቸር እንግዳ እኔን ጠይቁኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንደ እኔ አድርጎ የሚያውቀው ሰው የለም፤ ወድጄ አይደለም፣ ግድግዳ አዋስኖን ነው። የእኔ አትክልት ቤት ከብሎካችን የጋራ ቤት ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። የጋራ ቤት ማለት ለነዋሪው ሁሉ ተብሎ የተሠራ፣ በግ የምናርድበት፣ ሠርግ የምንደግስበት፣ ለቅሶ የምንቀመጥበት ቤት ነው። ነበር ልበል እንጂ! ቲቸር እንግዳ ከኮሚቴው ጋር ተሞዳሙዶ ተከራየውና የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ አደረገው። ከዚያ ወዲህ እኛ በጋችንን ደረጃ ሥር እናርዳለን፤ እሱ ደግሞ እዚያ ውስጥ ክራቫቱን አጥብቆ ይለፈልፋል።

የሚለፈልፈውን ሁሉ ሽንኩርት እየመረጥኩ እሰማለሁ። ጉሮሮ ሰጥቶታል፣ ይሄን አልክድም። ከእንግሊዝኛው ሁሉ አብልጦ የሚወዳት አንዲት አነጋገር አለችው፤ "ቲም አፕ"። በሩ ላይ የሰቀለው ባነር እንኳ "ከቲቸር እንግዳ ጋር ቲም አፕ ያድርጉ!" ይላል፤ ከሥሩ የራሱ ፎቶ፣ እጁን አጣጥፎ፣ አገጩን ሰቅሎ። አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር ትምህርቱን የሚጀምረው ከእሷ ነው።

"ቲም አፕ ማለት ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ለአንድ ሥራ ሲጣመሩ ነው" ይላል። "ልብ በሉ፣ ለብቻ ቲም አፕ የለም! ከማን ጋር እንደሆነ ስትናገሩ 'ዊዝ' ታስከትላላችሁ፤ 'አይ ቲምድ አፕ ዊዝ ማይ ኔበር'፣ ከጎረቤቴ ጋር ተባበርኩ። ምን ለማድረግ እንደሆነ ስትናገሩ 'ቱ' ነው፤ 'ዊ ቲምድ አፕ ቱ ክሊን ዘ ሮድ'፣ መንገዱን ለማጽዳት ተባበርን። በሰው ላይ ከሆነ ደግሞ 'አጌንስት' ትላላችሁ፤ 'ዘይ ቲምድ አፕ አጌንስት ሂም'፣ አበሩበት። ሪፒት!"

ተማሪው በአንድ አፍ ይደግማል። እኔም ከግድግዳው ወዲህ ሳልወድ በግዴ ተምሬዋለሁ፤ ጆሮ መቼም ክዳን የለው። አሁን ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ ዊዙንም፣ ቱውንም፣ አጌንስቱንም ቦታ ቦታው አስቀምጥላችኋለሁ። እኔን የሚያሳርረኝ ቃሉ አይደለም፣ አስተማሪው ነው። ከጎረቤቴ ጋር ተባበርኩ! የትኛው ጎረቤት ነው እቴ? መቼ ነው የተባበረው?

የውኃ ፓምፑ የተቃጠለ ጊዜ የብሎኩ ወንድ በሙሉ ሸሚዙን አውልቆ ሮቶ እየተሸከመ ደረጃ ሲወጣ፣ ይሄ ሰውዬ በመሀላችን "ኤክስኪውዝ ሚ" እያለ ሱሪውን ሰብስቦ አለፈ። በማግስቱ የታጠበው ግን በዚያው ውኃ ነው። ከድጃ ማለት ከእኔ ቀጥሎ ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት፤ አባቷ የሞቱ ጊዜ ድንኳኑን የተከልነው የጋራ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነበር። ሰው ተሰብስቦ ዱዓ ሲደረግ እሱ በመስኮት ብቅ ብሎ "እባካችሁ ድምፅ ቀንሱልን፣ ክላስ ላይ ነን" አለ። ክላስ ላይ ነን! ከድጃ እንዳልሰማች ሆና ዱዓዋን ቀጠለች። እኔ ብሆን በበሰበሰ ቲማቲም ነበር አፉን የምለው።

ጋሽ መኩሪያ፣ የእድራችን ዳኛ፣ አንድ ቀን በክብር ጠሩትና "ልጄ፣ ሰው ነህና እድር ግባ" አሉት። "ጋሼ፣ እድር የድሮ አሠራር ነው፣ ዘመኑ የኔትወርክ ነው" አላቸው። ጋሽ መኩሪያ ጨዋ ናቸው፤ "በል እንግዲህ፣ ኔትወርኩ ይቅበርህ" ብለው ብቻ ሄዱ። የጀሞ ኔትወርክ እንኳን ለመቅበር ለመደወልም አይሆን!

ከሰማይ የወረደ እንዳይመስላችሁ። ቡታጅራ አካባቢ ነው የተወለደው። አባቱ በልጅነቱ ሞተው እናቱ ናቸው በርበሬ ገበያ እየቸረቸሩ፣ እያነጠሱ ያስተማሩት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ መካኒሳ አቦ አጠገብ አንድ ትምህርት ቤት ተቀጠረ፤ ከመምህራኑ ጋር አልተስማማም፣ "ደረጃቸው አይመጥነኝም" ብሎ ወጣ። ላፍቶ አንድ ሰው ጋር የማስተማሪያ ቤት በሽርክና ከፍቶ ነበር፤ ከዚያም ተጣልቶ ወጣ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ቤቱን የረገጠ እንግዳ አላየንም። አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቶ ጠዋት ቴርሞሱን አንጠልጥሎ ይወርዳል፣ ማታ ቴርሞሱን አንጠልጥሎ ይወጣል። ይኸው ነው ኑሮው።

እናቱ አንድ ጊዜ መጥተው ነበር። ቆጮና በርበሬ ተሸክመው፣ ከመናኸሪያ እየጠየቁ እየጠየቁ ደረሱ። እሱ ክላስ ላይ ነው፤ ስልኩ ዝግ ነው። እኔ ጋ ሳጥን ላይ አስቀመጥኳቸው። አይ እናት! ቁጭ አይሉም፤ ነጭ ሽንኩርቴን ላጡልኝ፣ ከከድጃ ጋር ተጫወቱ፣ ጋሽ መኩሪያን መረቁ፣ ጉርሜሳ የሚባለውን የሚኒባስ ሹፌራችንን እንኳ "ልጄ፣ ቀስ ብለህ ንዳ" እያሉ መከሩት። ግድግዳው ውስጥ የልጃቸው ድምፅ ሲሰማ ፈገግ እያሉ ያዳምጣሉ፤ አንድ ቃል አይገባቸውም። ልጅ ተብዬው ክላሱን ጨርሶ ሲወጣ መጀመሪያ ዙሪያውን ገልመጥ አደረገ፣ ተማሪ እንዳያየው ነው። ከዚያ እናቱን በክንዳቸው ይዞ ወደ ፎቅ አጣደፋቸው። ሲሄዱ ግን እናቱ የእኔን ስልክ ቁጥር ለምነው ወሰዱ፤ "እሱ ስልኩን ይዘጋል፣ እንዳው ክፉ ደግ ቢመጣ" ብለው።

ክፉው ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ሱቄን ሳልከፍት ስልኬ ጮኸ፤ ከቡታጅራ የደወሉት የእናቱ ጎረቤት ናቸው። እናቱ ሌሊቱን አርፈዋል። ቀብሩ ከሰዓት ነው፤ ያለ ወንድ ልጇ አፈር አናለብሳትም፣ እባካችሁ አድርሱልን አሉኝ። እኔም አገጬን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እሱን እንደ ጠላሁት እናቱን ወድጃቸው ነበር፤ አለቀስኩላቸው።

መርዶ እንግዲህ እንደ ዜና አይነበብም። ለሟች ልጅ አይደወልም፣ ለጎረቤቱ ነው የሚደወለው። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ይመካከራል፤ ከመሀል ለሰውየው የሚቀርበው ሰው ይመረጥና ፊት ቀድሞ ይገባል፣ ሌላው ከኋላው ተከትሎ ይይዘዋል፣ ይደግፈዋል። ቀብሩ ለዚያው ቀን ከሆነና መንገዱ ሩቅ ከሆነ ደግሞ በዘዴ መኪና ላይ አስወጥቶ፣ እህል አቅምሶ፣ ሊደርስ ሲል ይነገረዋል። ብቻውን፣ በባዶ ሆዱ፣ በስልክ መርዶ የሚሰማ ሰው ወገን የሌለው ነው።

ሱቄ ውስጥ ተሰበሰብን፤ ጋሽ መኩሪያ፣ ከድጃ፣ ጉርሜሳና እኔ።

"ለመሆኑ የሚቀርበው ማነው?" አሉ ጋሽ መኩሪያ።

ከድጃ "ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጌቱ አንድ ቀን አብሮት ሲወጣ አይቻለሁ" አለች። ጌቱን ጠራነው። "ኧረ እኔን ሰላምም አይለኝ፤ ያን ቀን ደረጃው ጠቦን ነው" አለ። ጉርሜሳ "ተማሪዎቹስ?" ቢል፣ ተማሪ ለአስተማሪው መርዶ አይነግርም ተባለ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ጋ ደወልን፤ ሁለቱ የተስማሙ ይመስሉን ነበር። "እኔ በኪራይ ነው የማውቀው" ብሎ ስልኩን ዘጋው። እድሜውን ሙሉ ቲም አፕ ሲል የኖረ ሰው፣ ይኸው እናቱ ሞተው አንድ የሚነግረው ወዳጅ ጠፋ። ንቀቴ ያን ሰዓት አናቴ ላይ ወጣ።

"እንግዲያው እኔው ልሞክር" አሉ ጋሽ መኩሪያ። "እናትህን አመም አድርጓቸዋል ብዬ ላስወጣው። ቡታጅራ መዳረሻው ላይ፣ ቡኢ ስንደርስ ቁርስ እናቀምሰውና እንነግረዋለን።"

ጉርሜሳ የቅዳሜ ሥራውን ትቶ ታፔላውን ከሚኒባሱ ላይ አወረደ። እኔና ከድጃ ጥቁር ልብሳችንን በፌስታል ጠቀለልን። እነ ጌቱ ደግሞ እኛ ስንመለስ ድንኳኑ ተተክሎ እንዲቆይ ብረቱን ከእድሩ ዕቃ ቤት ማውጣት ጀመሩ፤ የት ነው የሚተከለው ሲሉ በእጃችን የጋራ ቤቱን ደጃፍ አሳየናቸው። ይቺ ናት ያበላሸችብን።

ሰውየው ቴርሞሱን አንጠልጥሎ ሲወርድ ያየው ይሄን ነው። እድሩ የጋራ ቤቱ ይመለስልን ብሎ ማመልከቱን ሰምቶ ሰንብቷል፤ እንቅልፍ አጥቶ ከርሟል። አሁን ወንዶቹ ብረት ተሸክመው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ሴቶቹ ሲያዩት ፌስታል ይደብቃሉ። ወሬው ሁሉ እሱ ብቅ ሲል እርጭ አለ። ፊቱ ላይ አንድ የማትረባ ፈገግታ መጣችበት።

ጋሽ መኩሪያ ቀረቡት። መዋሸት አያውቁበትም፣ ጺማቸውን ያሻሉ። "ቲቸር፣ እንደምን አደርክ ልጄ? እናትህን ትንሽ አመም አድርጓቸው ነው አሉ። ጉርሜሳ መኪናውን አዘጋጅቷል፤ እስቲ አብረን ብቅ ብለን እንጠይቃቸው።"

እስቲ እናንተ ፍረዱ! በዚህ አገር አንድ ሽማግሌ በጠዋት መኪና አስነስቶ "እናትህን ትንሽ አመም አድርጓቸው ነው" ሲል መርዶ መሆኑን የማይጠረጥር ማነው? ሕፃን እንኳ ይገባዋል። ይሄ የተማረው ግን አልገባውም።

"ጋሽ መኩሪያ፣ ትናንት አነጋግሬያታለሁ፣ ደህና ናት" አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ይቺን የሰፈር ዘዴ ተዉአት። እኔን ቡታጅራ ልካችሁ ቁልፉን ልትቀይሩ ነው! ደግሞ በእናቴ ትመጣላችሁ? ሼም ነው!"

"አንተ ልጅ፣ በእናት ማን ይቀልዳል?" አልኩት።

"እናንተ!" አለና ተማሪዎቹን አስከትሎ ገባ። በሩን ከውስጥ በመቀርቀሪያ ዘጋው፤ ስልኩንም እንደ ልማዱ አጠፋው። ወዲያው ድምፁ በግድግዳው መጣ።

"ቱደይ ሪል ኤግዛምፕል አለን! 'ማይ ኔበርስ ቲምድ አፕ አጌንስት ሚ!' ጎረቤቶቼ አበሩብኝ! ሪፒት!"

ክፍል ሙሉ ተማሪ እየሳቀ ደገመው። እናትየው ቡታጅራ ላይ ተገንዘው ልጃቸውን ይጠብቃሉ፣ ልጅየው እዚህ ያስደግማል።

"በሩን ሰብሬ ልንገረው!" አልኩ።

"ተይ ወርቅያንሱ" አሉኝ ጋሽ መኩሪያ። "መርዶ በበር ቀዳዳ አይነገርም። ተማሪ ፊት ሰው አይዋረድም።"

"ተዋርዶስ ቢደርስ አይሻለውም?"

"አይሆንም። ነገ የሚያስታውሰው እናቱ መሞታቸውን ብቻ አይደለም፣ እንዴት እንደ ሰማም ነው።"

ከድጃ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። እሷ፣ የአባቷን ዱዓ "ድምፅ ቀንሱ" የተባለችው፣ ለእሱ ትጨነቃለች! ፀሐዩ ከፍ አለ። ጋሽ መኩሪያ ሁለቴ አንኳኩ፤ "ክላስ ላይ ነኝ!" የሚል ድምፅ ነው የወጣው። ከቡታጅራ ተደወለ፤ "ወጣችሁ ወይ?" አሉኝ። ምን ልበል? ልጃችሁ በር ዘግቶብን እያስተማረ ነው ልበል? አፍሬ "መንገድ ላይ ነን" አልኩ። የጀሞ ሰው መቼም አልጋው ላይ ሆኖም መንገድ ላይ ነኝ ማለት ለምዶበታል።

ክላሱ ሲያልቅ በሩ ተከፈተ። ስልኩን ከፍቶ ካሜራውን ፊት ለፊታችን ደቅኖ ወጣ፤ ተማሪዎቹ ከኋላው ታጅለዋል።

"ቪዲዮ እየቀረጽኩ ነው! ድንኳን ለማን እንደምትተክሉ ተናገሩ! ማን እንደላካችሁ ተናገሩ!" እያለ ሲያፋጥጠን ስልኩ በእጁ ላይ ጮኸ። እህቱ እድላዊት ናት። ዘግቶ ሊቀጥል ሲታገል ጣቱ ሳተና አነሳው፤ ስፒከሩ ክፍት ነበርና ድምፅዋ ለሁላችንም ተሰማ።

"እንግዳዬ፣ የት ደረሳችሁ? ፍትሐቱ ተጀምሯል። ደመናው ጠቁሯል፣ ሰዉ እንቅበር እንቅበር እያለ ነው። ወንድሜ ሳይደርስ እማዬን አፈር አታለብሷትም ብዬ ቆሜያለሁ። ቡኢን አልፋችኋል?"

ስልኩን ከጆሮው ጋር አላገናኘውም። እንደ ደቀነው፣ ክንዱን እንደ ዘረጋ፣ "እማዬ?" አለ። ተማሪዎቹ ወደ ኋላ ሸሹ። ጋሽ መኩሪያ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። እንዲህ እንዳይሰማ ነበር ያ ሁሉ ድካም። ቀድማ ሮጣ ከወገቡ የያዘችው ከድጃ ናት፤ "አይዞህ ወንድሜ፣ አይዞህ" እያለች ለቅሶዋን ለቀቀችው። እሱ አላለቀሰም። እንደ ግንድ ቆሞ ቀረ።

አንስተን ነው መኪና ውስጥ ያስገባነው። ጉርሜሳ ያለ የሌለ ኃይሉን ተጠቀመ፣ ግን የቅዳሜ መንገድ መች ይለቃል? ዓለም ገና ላይ ሲኖትራክ ከፊት፣ ባጃጅ ከጎን፣ ንቅንቅ የለም። እሱ ክራቫቱን እንዳሰረ ጋቢና ተቀምጦ መስታወቱን ያያል። ዓለም ገናን ካለፍን በኋላ ሳይዞር ተናገረ።

"ለምን በግልጽ አልነገራችሁኝም?"

እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት ጋሽ መኩሪያ ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ።

"ልጄ፣ መርዶ የሚነግረው የሚቀርብህ ሰው ነው" አሉት፣ ቀስ ብለው። "ጠዋት ከሱቅ እስከ ፎቅ ፈለግንልህ። አጣን።"

እኔ እንኳ ይሄን ያህል ጨክኜ አልናገረውም ነበር፤ እሳቸው ደግሞ በክፋት አላሉትም። አንድ እንግሊዝኛ እንኳ ሳይመዝ አንገቱን ደፋ። ቡኢ ላይ ቁርስ የሚያነሳ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ዝናቡ ተቀበለን፤ እድላዊት እንደገና ደወለች፣ ጋሽ መኩሪያ ናቸው ያነሱት። ዝናቡ ጉድጓዱን ሳይሞላው ብለው ቀብረዋል።

ስንደርስ ቀባሪው በጭቃ እየተመለሰ ነው። መቃብሩ ላይ እድላዊትና ጥቂት ሴቶች ቀርተዋል፤ አፈሩ ትኩስ ነው፣ ዝናቡ ቦይ ቦይ አውጥቶበታል። እሱ ከእግር በኩል ቆመ። አላለቀሰም፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ያጣ ሰው ይመስላል። አፍስ ቢሉት እንኳ የሚያፍሰው አፈር የለም፣ ሁሉም ተመልሷል። እናንተዬ፣ ያን ሰዓት አሳዘነኝ፤ ማሳዘኑ ደግሞ አናደደኝ።

እድላዊት ወንድሟን አልፋ ወደ እኛ መጣች። ጋሽ መኩሪያን ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች፣ ከድጃን አቀፈቻት፣ ጉርሜሳን አቀፈችው። ከዚያ እኔን በሁለት እጇ ያዘችኝ።

"እናንተ የጀሞዎቹ ናችሁ፤ እማዬ አንድ በአንድ ነግራኛለች" አለች። "ስትሞት ስለ እሱ አልተጨነቀችም። እንግዳ ብቻውን አይደለም፣ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከተማ ውስጥ ሰው አለው እያለች ነው ያረፈችው። እውነትም ሰው አለው።"

ጋሽ መኩሪያ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከድጃ መሬት መሬት አየች። ሁሉም መልሱን ለእኔ ተዉት፤ አፈኛዋ እኔ ነኛ። ቲቸር እንግዳም ቀና ብሎ አየኝ። ያን ሰው ስንቀው ኖሬያለሁ፣ ነገም ምናልባት እንቀው ይሆናል፤ ምን እንደምል ያውቃል፣ የሚገባውንም ያውቃል።

"አዎ እህቴ" አልኳት። "ሰው አለው።"

ያን ጊዜ ጭቃው ላይ ተደፍቶ ጮኸ።